የራይቦዞም ልጓም፦ አንድ ፕሮቲን በአንጎል ዕድገትና በሕመም ላይ ያለው ድርሻ

ፈረስ ጉልበት ስላለው ብቻ ለመንገድ አይሆንም። መሄድ ባለበት ሰዓት እንዲሄድ፣ መቆም ባለበት ቦታ እንዲቆም ልጓም ያስፈልገዋል። በሕያው ሕዋስ ውስጥም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ራይቦዞም የሕዋስ የፕሮቲን ፋብሪካ መሆኑን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ይህን ፋብሪካ ማን እንደሚገታው ግን እምብዛም አልተነገረንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ልጓሞች ስለ አንዱ ማውሳት ነው። ስሙ ኤፍ.ኤም.አር.ፒ. ይባላል፤ በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ከራይቦዞሞች ጋር ተያይዞ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ይህ አንድ ፕሮቲን ሲጠፋ ፍራጃይል ኤክስ ሲንድረም የተባለው ሕመም ይከሰታል። ሕመሙ በዘር ከሚተላለፉት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት መንስኤዎች መካከል በብዛት በመታየት የመጀመሪያውን ቦታ የያዘ ነው፤ በአንድ ጂን ምክንያት ከሚመጡት የኦቲዝም ዓይነቶችም በይበልጥ የሚታወቀው እርሱ ነው። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከ4,000 እስከ 7,000 ከሚሆኑ ወንዶች አንዱ ሕመሙ እንዳለበት ይገምታሉ፤ በሴቶች ላይ ቁጥሩ ከዚህ ያንሳል።

አንድ ፕሮቲን በመጉደሉ ምክንያት አንድ ልጅ አፉን የሚፈታበት ጊዜ ለምን ይዘገያል? የሰው ዓይን ማየት ለምን ያስፈራዋል? የእናቱ አባት በስተርጅና እጁ የሚንቀጠቀጠውስ ከዚህ ጋር ምን ግንኙነት አለው? መልሱ ከራይቦዞም ይጀምራል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ፋብሪካውና መልእክተኛው

በቅድሚያ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እናስታውስ። በኒውክለስ ውስጥ በዲ.ኤን.ኤ. የተጻፈው መመሪያ ወደ መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ይገለበጣል። መልእክተኛው ከኒውክለስ ወጥቶ ሳይቶፕላዝም ሲደርስ ራይቦዞም ይይዘውና ሦስት ሦስት ፊደል እያነበበ አሚኖ አሲዶችን እንደ ዶቃ አንድ በአንድ ይሰካል። የሰው ራይቦዞም ከ80 ፕሮቲኖችና ከ4 የአር.ኤን.ኤ. ሰንሰለቶች የተገነባ ሲሆን፣ በአንድ ሰከንድ በአማካይ 5 ወይም 6 አሚኖ አሲዶችን ይቀጥላል። በአንድ መልእክተኛ ላይ ብዙ ራይቦዞሞች ተከታትለው ሊሰለፉ ይችላሉ፤ እንዲህ ያለው ስብስብ ፖሊራይቦዞም ይባላል። የራይቦዞምን አወቃቀር በአቶም ደረጃ ያሳዩት ቬንካትራማን ራማክሪሽናን፣ ቶማስ ስታይትዝና አዳ ዮናት የ2009ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ይሁን እንጂ የፋብሪካውን አሠራር ማወቅ ብቻውን አይበቃም። መልእክተኛው ራይቦዞም ዘንድ ስለ ደረሰ ብቻ ፕሮቲኑ ወዲያውኑ ይሠራል ማለት አይደለም። መቼ ይሠራ? የት ይሠራ? ምን ያህል ይሠራ? እነዚህ ጥያቄዎች በማንኛውም ሕዋስ ዘንድ አስፈላጊ ናቸው፤ በነርቭ ሕዋስ ዘንድ ግን የሕልውና ጉዳይ ናቸው።

የነርቭ ሕዋስ የርቀት ችግር

የሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። እያንዳንዱ ሕዋስ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፉ ዴንድራይቶችን ያወጣል፤ በዴንድራይቶቹ ላይ ደግሞ እንደ እሾህ ብቅ ያሉ እጅግ ትናንሽ ጉብታዎች ይገኛሉ። አንዱ ሕዋስ ከሌላው መልእክት የሚቀበልበት መገናኛ፣ ሲናፕስ የምንለው፣ በአብዛኛው የሚያርፈው በእነዚህ ጉብታዎች ላይ ነው። አንድ ሕዋስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲናፕሶች ሊኖሩት ይችላል።

መማር ማለት፣ በሕዋስ ደረጃ ስናየው፣ ከእነዚህ ሲናፕሶች መካከል የተወሰኑትን ማጠንከርና ሌሎቹን ማላላት ነው። ለውጡ እንዲዘልቅ አዲስ ፕሮቲን ያስፈልጋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ሲናፕሶች አንዱ ብቻ መጠንከር ቢኖርበት፣ ከኒውክለስ አጠገብ የተሠራ ፕሮቲን ረጅሙን መንገድ ተጉዞ ትክክለኛውን ሲናፕስ እንዴት ያገኛል? የገጠር ሰው እህሉን ለማስፈጨት ዋና ከተማ ድረስ ጭኖ ሄዶ ከሚመለስ በየቀበሌው ወፍጮ ቢተከልለት እንደሚሻለው ሁሉ፣ የነርቭ ሕዋስም ራይቦዞሞቹን በየሲናፕሱ ሥር ማስቀመጥን መርጧል። ኦስዋልድ ስቱዋርድና ዊልያም ሌቪ በ1982 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ባደረጉት ጥናት ፖሊራይቦዞሞች ከጉብታዎቹ ሥር ተሰብስበው ማግኘታቸውን አስታውቀዋል። መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ.ዎችም ከኒውክለስ ተነሥተው እስከዚያ ድረስ ይጓጓዛሉ።

ወፍጮው ግን ቀን ከሌት እንዲፈጭ አይፈለግም። እህል የሚያመጣ ሰው እስኪመጣ መቆም፣ ሲመጣ መንቀሳቀስ፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ተመልሶ መቆም አለበት። በሲናፕስ ሥር ያለውን ወፍጮ የሚያቆመውና የሚለቀው ማን ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው ሳይንቲስቶች ስለ ራይቦዞም ሲመራመሩ አልነበረም፤ ጥቂት ቤተሰቦችን ለዓመታት ሲከታተሉ ነበር።

ከቤተሰብ ወደ ክሮሞዞም፣ ከክሮሞዞም ወደ ጂን

በ1943 ጄምስ ፐርደን ማርቲንና ጁሊያ ቤል የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሁለት ትውልድ 11 ወንዶች የአእምሮ ዕድገት ውስንነት እንደነበረባቸው ገለጹ። ሕመሙ በጤናማ እናቶች በኩል ወደ ወንዶች ልጆች ይተላለፍ ነበር። ይህም መንስኤው ከኤክስ ክሮሞዞም ጋር እንደተያያዘ አመላከተ፤ ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው የተጎዳውን የሚተካለት ሌላ የለውምና።

በ1969 ኸርበርት ለብስ በሌላ ቤተሰብ ውስጥ የኤክስ ክሮሞዞም ረጅሙ ክንድ ጫፍ አካባቢ ሊቆረጥ የደረሰ የሚመስል ቀጭን ቦታ ተመለከተ። ፍራጃይል ኤክስ፣ ማለትም «ተሰባሪ ኤክስ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ይሁን እንጂ ሌሎች ላቦራቶሪዎች ያንኑ ቦታ ለማየት ሲሞክሩ አንዳንዴ ይታያል፤ አንዳንዴ ይሰወራል። እንቆቅልሹን በ1977 የፈታው አውስትራሊያዊው ግራንት ሰዘርላንድ ነው። ተሰባሪው ቦታ ጎልቶ የሚወጣው ሕዋሳቱ ፎሌት የተባለው ቫይታሚን ባነሰበት መመገቢያ ፈሳሽ ውስጥ ሲያድጉ ብቻ መሆኑን አሳየ። ለካስ ላቦራቶሪዎቹ የተሻለና የበለጸገ ፈሳሽ በተጠቀሙ ቁጥር ምልክቱን ራሳቸው ይደብቁት ነበር።

በ1980ዎቹ ስቴፋኒ ሸርማን ከባልደረቦቿ ጋር ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር አስተዋለች። ሕመሙ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወርድ የሚያዙት ሰዎች ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል። በሜንዴል ሕግ መሠረት እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ምስጢሩ የተገለጠው በ1991 ነው። በአትላንታ የስቲቨን ዋረን፣ በሂዩስተን የዴቪድ ኔልሰን፣ በሮተርዳም የቤን ኦስትራ ቡድኖች በጋራ ባካሄዱት ሥራ ኤፍ.ኤም.አር.1 የተባለውን ጂን አገኙ። በጂኑ መጀመሪያ ላይ ሲ-ጂ-ጂ የተባሉ ሦስት ፊደላት ደግመው ደጋግመው ይመጣሉ። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ድግግሞሹ ከ45 በታች ነው። ከ55 እስከ 200 ሲደርስ ሰውየው ተሸካሚ ይባላል። ከ200 ካለፈ ግን ሕዋሱ ያንን የጂን ክፍል ሜታይል በተባሉ ኬሚካላዊ ምልክቶች ይሸፍነዋል፤ ጂኑም ይዘጋል። ጂኑ ሲዘጋ ኤፍ.ኤም.አር.ፒ. የተባለው ፕሮቲን አይሠራም።

የሸርማን እንቆቅልሽም በዚሁ ተፈታ። የሲ-ጂ-ጂ ድግግሞሽ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ሊረዝም ይችላል፤ በእናቲቱ ዘንድ በረዘመ መጠንም በልጁ ላይ ከ200 የማለፉ ዕድል ይጨምራል። ተሸካሚ አባት በበኩሉ ኤክስ ክሮሞዞሙን ለሴቶች ልጆቹ ሁሉ ያወርሳል፤ የሚያወርሳቸው ግን ተሸካሚነትን እንጂ ሙሉውን ሕመም አይደለም። ጤናማ አያት፣ ጤናማ እናት፣ የታመመ የልጅ ልጅ የሚለው ሰንሰለት እንዲህ ይፈጠራል።

በደቡብ ምዕራብ ኮሎምቢያ በቫሌ ዴል ካውካ ክፍለ አገር የምትገኝ ሪካውርቴ የተባለች መንደር ለዚህ ጉልህ ማስረጃ ናት። በመንደሯ ከጥንት ጀምሮ ብዙ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በመኖራቸው የአካባቢው ሕዝብ ለነገሩ ልዩ ልዩ ምክንያት ይሰጥ ነበር። የጄኔቲክስ ባለሙያዎች ሲመረምሩ ግን በዓለም ከሚታወቀው ሁሉ ከፍተኛ የሆነ የፍራጃይል ኤክስ ስርጭት አገኙ። ምንጩም መንደሯን ከመሠረቱት ጥቂት ቤተሰቦች የወረደ ጂን ነበር።

ልጓሙ እንዴት ይይዛል?

ኤፍ.ኤም.አር.ፒ. በረጅሙ ዓይነቱ 632 አሚኖ አሲዶች አሉት። አካሉ አር.ኤን.ኤ. የሚጨብጡ ልዩ ልዩ እጆች አሉት ለማለት ይቻላል። ሕዋስን ፈጭተው ይዘቱን በክብደት ሲለያዩት ፕሮቲኑ በአብዛኛው የሚገኘው ከፖሊራይቦዞሞች ጋር ነው። ይህ ግንኙነት በአጋጣሚ የመጣ ነው ወይስ ዋነኛ ሥራው ነው? ለዚህ ጥያቄ ጠቃሚ መልስ የሰጠው የአንድ ሰው ሕመም ነው። ይህ ሰው የሲ-ጂ-ጂ ድግግሞሹ ጤናማ ነው፤ ፕሮቲኑንም ይሠራል። ይሁን እንጂ በፕሮቲኑ 304ኛ ቦታ ላይ አይሶሉሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ፋንታ አስፓራጂን ገብቷል። ከ632 አንዷ ብቻ ተቀየረች፤ የሰውየው ሕመም ግን ከተለመደው ፍራጃይል ኤክስ የበረታ ሆነ። በ1997 የዋረን ቡድን እንዳሳየው፣ ይህ የተለወጠ ፕሮቲን ከፖሊራይቦዞሞች ጋር መያያዝ ተስኖታል። ፈረሱም አለ፤ ልጓሙም አለ፤ ልጓሙ ግን ከፈረሱ አፍ አልገባም።

በ2011 በኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄኒፈር ዳርኔልና ሮበርት ዳርኔል ከባልደረቦቻቸው ጋር በአይጥ አንጎል ላይ ያደረጉት ጥናት ልጓሙ የሚይዛቸውን መልእክተኞች ዘረዘረ። ቁጥራቸው ከ800 በላይ ሲሆን፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ለሲናፕስ የሚያስፈልጉ ፕሮቲኖችን የሚያሠሩ ናቸው፤ ከኦቲዝም ጋር የሚያያዙ ጂኖች መልእክተኞችም ይገኙባቸዋል። ጥናቱ እንደሚያመለክተው ኤፍ.ኤም.አር.ፒ. ራይቦዞሙን ከመልእክተኛው አያባርረውም፤ በመንገድ ላይ እንዳለ ያቆመዋል። በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የዝንብን ኤፍ.ኤም.አር.ፒ. በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክቶ፣ ፕሮቲኑ በቀጥታ በራይቦዞሙ ላይ እንደሚያርፍ አሳየ።

የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ነው። ሥራውን ከመጀመሪያው ከመጀመር ይልቅ ግማሽ መንገድ የደረሰ ራይቦዞምን መልቀቅ ፈጣን ነው። ከጎረቤት ሕዋስ የሚመጣው ግሉታሜት የተባለው ኬሚካል በሲናፕሱ ላይ ኤም-ግሉ-አር-5 የተሰኘውን ተቀባይ ሲነካው፣ በኤፍ.ኤም.አር.ፒ. ላይ ተለጥፎ የነበረው የፎስፌት ቡድን ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይነሣል። ልጓሙ ይላላል፤ ራይቦዞሞቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ የሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች በዚያው ቦታ ይሠራሉ። ጥቂት ቆይቶ ልጓሙ ይመለሳል። ኤፍ.ኤም.አር.ፒ. ከዚህ ሌላ የነርቭ ሕዋስን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቆጣጠሩ የአዮን ቀዳዳዎችን እንደሚነካም ታውቋል፤ ዋነኛው ዝናው ግን ከራይቦዞም ጋር ባለው ሥራ ነው።

ልጓም ያጣ አንጎል

ብዙ ሰው በሽታን የሚያስበው እንደ ጉድለት ነው፤ አንድ ነገር አነሰ፣ ስለዚህ አካል ታመመ። ፍራጃይል ኤክስ ይህን አስተሳሰብ ይገለብጠዋል። የሚጎድለው ልጓሙ በመሆኑ ውጤቱ ትርፍ ነው። ኤፍ.ኤም.አር.1 ጂን እንዳይሠራ የተደረገባቸው አይጦች ከ1994 ጀምሮ ለምርምር ሲያገለግሉ ቆይተዋል። በእነዚህ አይጦች ሂፖካምፐስ፣ ማለትም ለትውስታ ወሳኝ በሆነው የአንጎል ክፍል፣ የፕሮቲን ሥራ ከጤናማዎቹ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ይበልጣል። ትርፉም ያለ ጥሪ የሚመጣ ነው፤ ሲናፕሱ ምልክት ቢደርሰውም ባይደርሰውም ወፍጮው ይፈጫል። ምልክት ሲደርስም ለውጥ ማምጣት ይከብዳል፤ ድሮውንም ሲጮህ በነበረ ቤት ውስጥ አዲስ ጥሪ አይሰማምና።

የዚህ አሻራ በሕዋሳቱ ቅርጽ ላይ ይነበባል። ዊልያም ግሪኖና ሌሎች ተመራማሪዎች በሕመሙ የተያዙ ሰዎችንና የአይጦችን አንጎል ሲመረምሩ፣ የዴንድራይት ጉብታዎቹ ከተለመደው የረዘሙ፣ የቀጠኑና የበዙ ሆነው አግኝተዋቸዋል። እንዲህ ያለው ቅርጽ በጤናማ አንጎል ውስጥ የሚታየው በሕፃንነት ነው። በማደግ ላይ ያለ አንጎል በመጀመሪያ ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ ሲናፕሶችን ይሠራል፤ ከዚያም ልምድና ትምህርት የሚያጸኑትን እያጸና የቀረውን ይገርዛል። ገበሬ ችግኙን እንደሚያሳሳው ማለት ነው። በፍራጃይል ኤክስ አንጎል ውስጥ ግን ማሳሳቱና ማጽናቱ በወጉ አይከናወንም፤ ማሳው እንደተጨናነቀ ይቀራል።

ይህም በልጁ ኑሮ ላይ ይታያል። በሕመሙ የተያዘ ወንድ ልጅ መቀመጥ፣ መሄድና መናገር ሊዘገይ ይችላል። ድምፅ፣ ብርሃን፣ ግርግርና መነካካት ሌላው ሰው ከሚሰማው በላይ ይሰሙታል። የሰው ዓይን ማየት ያስጨንቀዋል፤ ደስ ሲለው ወይም ሲጨነቅ እጆቹን ያርገበግባል። ከወንዶቹ ግማሽ ያህሉ የኦቲዝም ምልክቶችን ሙሉ በሙሉ ያሳያሉ፤ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት የሚጥል በሽታ ይይዛቸዋል። ረዘም ያለ ፊት፣ ሰፋ ያሉ ጆሮዎች፣ በቀላሉ የሚታጠፉ መገጣጠሚያዎች የተለመዱ ናቸው፤ ይሁን እንጂ በጨቅላነት ጎልተው ስለማይታዩ ሐኪምም ሊያልፋቸው ይችላል። ሴቶች ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም ስላላቸው፣ በእያንዳንዱ ሕዋስም ከሁለቱ አንዱ ብቻ ስለሚሠራ፣ ጉዳቱ ከምንም አንሥቶ እስከ ከባድ ድረስ ይለያያል። ከዚህ ጎን ለጎን ብዙዎቹ ልጆች ተጫዋቾች፣ ሰው ወዳጆችና ያዩትን በመኮረጅ የሚማሩ መሆናቸውን የሚያስተምሯቸው ሁሉ ይመሰክራሉ።

የአያት ሕመም

ለብዙ ዓመታት ተሸካሚዎች ምንም ሕመም የለባቸውም ተብሎ ይታመን ነበር። በካሊፎርኒያ የሚሠሩት ዶክተር ራንዲ ሄገርማን ግን የታመሙ ልጆችን ይዘው የሚመጡ እናቶች ደጋግመው ስለ አባቶቻቸው ሲያወሩ አዳመጡ። አያቶቹ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ እጃቸው መንቀጥቀጥና እግራቸው መንገዳገድ ይጀምር ነበር። ሄገርማን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2001 ይህን አዲስ ሕመም ለሳይንስ ዓለም አቀረቡ። ዛሬ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ወንድ ተሸካሚዎች 40 በመቶ ያህሉን እንደሚያጠቃ ይታወቃል። ከሴት ተሸካሚዎች ደግሞ 20 በመቶ ያህሉ ከ40 ዓመታቸው በፊት የወር አበባቸው ይቋረጣል።

የሚያስደንቀው በተሸካሚዎች ዘንድ ጂኑ አለመዘጋቱ ነው። እንዲያውም ከልክ በላይ ይሠራል፤ ረጅም ድግግሞሽ ያለበት መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. በሕዋሱ ውስጥ ይከማችና ራሱ መርዝ ይሆናል። በ2013 የታተመ ጥናት ሌላ ነገር ጨመረ። ራይቦዞም እንደ ደንቡ ሥራውን የሚጀምረው ኤ-ዩ-ጂ የተባለውን የመነሻ ምልክት አግኝቶ ነው። በዚህ መልእክተኛ ላይ ግን ያለ መነሻ ምልክት ከድግግሞሹ አካባቢ ይጀምርና ማንም ያላዘዘው ጎጂ ፕሮቲን ይሠራል። እንግዲህ በልጅ ልጁ ዘንድ ራይቦዞም ልጓም በማጣቱ፣ በአያቱ ዘንድ ደግሞ መንገድ በመሳቱ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ከአንድ ጂን ይወለዳሉ።

ከአይጥ ወደ ሰው ያለው ገደል

በ2002 ኪምበርሊ ሁበር፣ ማርክ ቤርና ባልደረቦቻቸው ኤፍ.ኤም.አር.ፒ. በሌላቸው አይጦች ዘንድ በኤም-ግሉ-አር-5 በኩል የሚመጣው የሲናፕስ መላላት ከልክ እንደሚያልፍ አሳዩ። ከዚህ ተነሥቶ በ2004 ቀላልና ማራኪ ሐሳብ ቀረበ፦ ልጓሙን መመለስ ባይቻል፣ ፈረሱን የሚጎስመውን አለንጋ ለምን አንቀንስም? በ2007 የቤር ቡድን የአይጦቹን የኤም-ግሉ-አር-5 መጠን በግማሽ ሲቀንስ የጉብታዎቹ ቅርጽ፣ የፕሮቲኑ ትርፍና የሚጥለው ሕመም ተሻሻሉ። በዘርፉ ታላቅ ተስፋ ተነሣ። ሁለት ታላላቅ የመድኃኒት ኩባንያዎች፣ ኖቫርቲስና ሮሽ፣ ይህን ተቀባይ የሚያዳክሙ መድኃኒቶችን በሰዎች ላይ ሞከሩ።

ውጤቱ አሳዛኝ ነበር። መድኃኒቱን የወሰዱት ሕሙማን መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን ከወሰዱት ተለይተው አልታዩም። ኖቫርቲስ በ2014 ሙከራውን አቆመ፤ የሮሽም መድኃኒት ከዚህ የተሻለ አልሆነም። ወላጆች ለዓመታት የጠበቁት ተስፋ በአንድ ማስታወቂያ ተዘጋ።

ምን ጎደለ? ተመራማሪዎቹ ልዩ ልዩ ምክንያት ያቀርባሉ። የተሞከረባቸው ታዳጊዎችና አዋቂዎች በመሆናቸው አንጎላቸው ዋናውን የዕድገት ጊዜ አልፏል የሚሉ አሉ። ይህን ለመፈተን አንዱ መድኃኒት በኋላ ለትንንሽ ልጆች ከቋንቋ ሥልጠና ጋር ተዳምሮ ተሰጠ፤ ውጤቱ ግን ተስፋውን አላሟላም። ሰውነት መድኃኒቱን ሊለምደው እንደሚችል የሚያስረዱም አሉ። ከሁሉ በላይ ግን ኤፍ.ኤም.አር.ፒ. በመቶዎች የሚቆጠሩ መልእክተኞችን የሚይዝ ልጓም ስለሆነ፣ አንዱን መንገድ ብቻ መዝጋት ሁሉን አይመልስም የሚለው ክርክር ሚዛን ይደፋል። በተጨማሪም የወላጅን መጠይቅ በመሙላት ብቻ የአንድን ልጅ መሻሻል መለካት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ተመራማሪዎች ተምረዋል።

ምርምሩ ግን አልቆመም። በ2021 ዛቶልሚላስት የተባለ ሌላ መድኃኒት በ30 አዋቂ ወንዶች ላይ ተሞክሮ በቋንቋና በአስተሳሰብ ፈተናዎች መሻሻል ታይቷል፤ ቁጥሩ ትንሽ በመሆኑ ግን በጥንቃቄ የሚነበብ ውጤት ነው። ሌሎች ደግሞ ወደ ምንጩ ተመልሰዋል። በ2018 በአሜሪካ የሩዶልፍ ዬኒሽ ቡድን በሰው ሕዋሳት ላይ ሜታይል ምልክቶቹን ብቻ በማንሣት የተዘጋውን ጂን በላቦራቶሪ ከፈተ። በ2023 ደግሞ በአንዳንድ ሕሙማን ሕዋሳት ውስጥ ጂኑ በከፊል እንደሚነበብ፣ መልእክተኛው ግን በተሳሳተ መንገድ እንደሚቀጠል ታወቀ፤ ስሕተቱን በሚያርም አጭር ሰው ሠራሽ ሰንሰለት ፕሮቲኑን በሕዋሳቱ ውስጥ መመለስ ተችሏል። እነዚህ ሁሉ የላቦራቶሪ ውጤቶች ናቸው፤ ከሐኪም ቤት ለመድረስ ገና ብዙ መንገድ ይቀራቸዋል።

እውቀቱ ለቤተሰብ ምን ይጠቅማል?

መድኃኒቱ ካልተገኘ ይህ ሁሉ እውቀት ምን ይረባል የሚል ጠያቂ ይኖራል። የመጀመሪያው ጥቅም መንስኤውን በስሙ መጥራት መቻል ነው። በአገራችን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሲወለድ ነገሩ እንደ እርግማን፣ እንደ ቁጣ ወይም እንደ እናት ጥፋት የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ከጎረቤት ዓይን ተሸሽገው በጓዳ የሚያድጉ ልጆች አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተሰኘውን የኦቲዝም ማዕከል ሲመሠርቱ ካጋጠሟቸው ፈተናዎች ዋነኛው ይኸው መደበቅ ነበር። በእርግጥ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ፍራጃይል ኤክስ የሚገኝባቸው ከመቶ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። እነዚህ ጥቂቶች ግን አንድ ነገር ያስተምሩናል፦ የባሕርይ ለውጥ መስሎ የሚታየው ነገር ሥሩ በሲናፕስና በራይቦዞም ውስጥ ሊሆን ይችላል። የሲ-ጂ-ጂ ድግግሞሽን ማንም እናት በጸባይዋ አታረዝመውም።

ሁለተኛው ጥቅም ለነገ መዘጋጀት ነው። የድግግሞሹን ርዝመት የሚለካ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ አለ፤ በእስራኤል ለምሳሌ ከእርግዝና በፊት የተሸካሚነት ምርመራ በስፋት ይካሄዳል። የአንድ ልጅ ውጤት ለእናቱ፣ ለአክስቶቹ፣ ለእኅቶቹና እጁ ለሚንቀጠቀጠው አያቱ ጭምር መልስ ይሰጣል። ሦስተኛው ጥቅም ልጁን እንደ ተፈጥሮው ማስተማር ነው። ግርግር በሌለበት ክፍል፣ ቀስ ብሎ፣ በሥዕልና በተግባር፣ ዓይንህን ወደ እኔ መልስ ሳይሉ ማስተማር፤ የንግግርና የእንቅስቃሴ ሥልጠናን በጊዜ መጀመር፤ የሚጥለውን ሕመምና ጭንቀቱን በሚታወቁ መድኃኒቶች መቆጣጠር ዛሬም የሚቻሉ ነገሮች ናቸው።

የፕሮቲኑ ስም ራሱ የዚህን የአመለካከት ጉዞ ይዟል። ቀድሞ ሙሉ ስሙ «የአእምሮ ዝግመት» የሚል ቃል ነበረበት፤ በቅርብ ዓመታት ግን ያ ቃል ወጥቶ ፕሮቲኑ በሥራው፣ ማለትም ከመልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ጋር በመያያዙ እንዲጠራ ተደርጓል። ከሕመምተኛው ማንነት ይልቅ የፕሮቲኑ ሥራ ቀደመ።

ለሳይንስ ተማሪም በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚቀመጥ ስንቅ አለ። የፈሳሽ መመገቢያ ለውጥ አንድን ክሮሞዞም ገለጠ፤ የእናቶችን ወሬ ማዳመጥ አዲስ ሕመም አሳወቀ፤ በአንድ ሰው ላይ የደረሰ የአንድ አሚኖ አሲድ ለውጥ የፕሮቲኑን ዋና ሥራ ነገረን፤ በአይጥ የሠራ መድኃኒትም በሰው ላይ ሳይሠራ ቀረ። ራይቦዞም የሚሠራውን ያህል የሚገታውም ትኩረት እንደሚገባው እነዚህ ቤተሰቦች አስተምረውናል። ልጓሙን ወደ ቦታው የመመለሱ ሥራ ገና አላለቀም፤ ዛሬ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ በሚማሩ ወጣቶች እጅ ላይ የሚደርስ ሥራ ነው።